የቻርመዝ አሞናይቶች፦ ባሕሩ ሳይፈጫቸው መልቀም

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ቻርመዝ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በስተ ምዕራቧ ብላክ ቬን፣ በስተ ምሥራቋ ስቶንባሮ የሚባሉ ጥቁር ገደሎች ባሕሩን ተጋፍጠው ይታያሉ። የገደሎቹ የታችኛው ክፍል ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል የነበረ ጭቃ ነው። በዚያ ባሕር ይዋኙ የነበሩት አሞናይቶች፣ የዛሬዎቹ የስኩዊድና የኦክቶፐስ የሩቅ ዘመዶች፣ ጥምዝምዝ ዛጎላቸው በጭቃው ውስጥ እንደተቀበረ ቀርቷል።

ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው፣ 154 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጁራሲክ ጠረፍ ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ባለበት ቦታ “አትንኩ” የሚል ማስታወቂያ ይጠበቃል። በቻርመዝ ግን ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ ከአሸዋው ላይ ያገኘውን አሞናይት ወደ ቤቱ መውሰድ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ፈቃዱ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ ለቀማው እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ ይመረምራል። አቋማችን ግልጽ ነው። በዚህ ጠረፍ ሳይለቀም የቀረ አሞናይት ተጠብቆ አይቆይም፤ ይጠፋል። ተለቅሞም ከየት እንደተነሣ ካልተጻፈ፣ ከዝገትም ካልዳነ፣ መጥፋቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ገደሉ ለምን ይናዳል

የጥቁሩ ጭቃ ድንጋይ አናት ላይ፣ ከእሱ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የሚያንስ፣ ቢጫማ የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፏል። ዝናብ በአሸዋው ድንጋይ ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ከታች ያለው ጭቃ ግን ውኃ አያሳልፍም። ስለዚህ ውኃው በሁለቱ መገናኛ ላይ ይጠራቀምና ጭቃውን ያለሰልሰዋል። ከላይ የተጫነው ክብደት ይንሸራተታል፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ ተዝለግልጎ እስከ ባሕሩ ድረስ ይፈስሳል። ባሕሩ የፈሰሰውን ጫፍ ሲበላው ከኋላው ያለው ድጋፍ ያጣል፤ ናዳው እንደገና ይጀምራል። ብላክ ቬን በአውሮፓ ጠረፎች ካሉት ትልልቅ የጭቃ ናዳዎች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2008 በስተ ምዕራብ ባለችው የላይም ሪጂስ ከተማና በቻርመዝ መካከል 400 ሜትር ያህል የሚሆን የጠረፉ ክፍል በአንድ ጊዜ ተንሸራትቶ ወርዷል።

ናዳው ራሱ አሞናይት አያሳይም፤ የሚያሳየው እርጥብ ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው። አጣሪው ማዕበል ነው። ጭቃውን እያጠበ ይወስድና ከባዱንና ጠንካራውን ነገር፣ ማለትም ድብልብል የኖራ ድንጋዮችን፣ ፓይራይት የተባለውን ወርቃማ የብረት ማዕድንና የአጥንት ስብርባሪን፣ በዳርቻው ላይ ይተዋል። ግን የሚያጥበው ማዕበል የሚፈጨውም እሱ ነው። ዛሬ ጎድኑ፣ ማለትም በዛጎሉ ላይ የተሰለፈው ሸንተረር፣ ጥርት ብሎ የሚታይ አሞናይት ከጠጠር ጋር እየተንከባለለ ጥቂት ሳምንት ከሰነበተ ለስልሶ ተራ ጠጠር ይሆናል። የለቀማው ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ፋታ ናት። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ወቅት የሚመረጠውም ዝናቡም ማዕበሉም የሚበረታበት ስለሆነ ነው። ከጁን እስከ ኦገስት ባለው የእንግሊዝ ሞቃት ወቅት ባሕሩ ረጋ ሲል ዳርቻው በአሸዋ ይሸፈናል፣ በየቀኑም ብዙ ዓይን ያስሰዋል።

አንድ ዛጎል፣ ሦስት ዕጣ

በቻርመዝ የአሞናይት አቀማመጥ ሦስት መልክ አለው። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ መዶሻ ማንሣት ጥፋት ነው።

የመጀመሪያው በጭቃው ንብርብር መካከል የተደፈጠጠው ነው። ክፍት ዛጎሉ በላዩ በተከመረው ደለል ክብደት ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ አሞናይቱም አብሮት ይፈርሳል። ፎቶ አንሥቶ ማለፍ ይሻላል፤ ለማዳን መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛው በድብልብል ድንጋይ ውስጥ ያለው ነው። ደለሉ ገና ሳይጨመቅ በዛጎሉ ዙሪያ ኖራ ረግቶ ድንጋይ ስለሆነ፣ አሞናይቱ ሳይደፈጠጥ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ቆይቷል። ጎድናማው አስቴሮሴራስና ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሆነው ፕሮማይክሮሴራስ በብዛት የሚገኙት እንዲህ ባሉ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ባዶ የነበሩትን ክፍሎች የሞላው ካልሳይት የተባለ የኖራ ማዕድን አንዳንዴ እንደ ማር ቢጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል። ከስቶንባሮ ወደ ምሥራቅ፣ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ከፍተኛው ወደሆነው 191 ሜትር ወደሚደርሰው ጎልደን ካፕ በሚወስደው መስመር ላይ፣ ካልሳይቱ አረንጓዴ የሆነባቸው አሞናይቶች ይገኛሉ። ንብርብሩም ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው።

ሦስተኛው የፓይራይት አሞናይት ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚበሰብሰውን ነገር ሲበሉ የሚፈጠረው ድኝ ከጭቃው ብረት ጋር ተዋህዶ ፓይራይት ይሆናል፤ በዛጎሉ የተዘጉ ክፍሎች ውስጥም ይሞላል። ውጪኛው ክፍት ጥምዝ ጭቃ ስለሚገባበት ተደፍጥጦ ይቀራል፤ በፓይራይት የተሞላው እምብርቱ ግን ይተርፋል። ስለዚህ በአሸዋው ላይ የሚገኘው፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ወርቃማ አሞናይት፣ ብዙ ጊዜ የትንሽ ዝርያ ሙሉ ዛጎል ሳይሆን የትልቅ አሞናይት የልጅነት ጥምዝ ናት። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው በስያሜ ላይ ያሳስታል።

በዳርቻው ላይ

ጉዞው የሚጀምረው ባሕሩ በየቀኑ የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ከሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። ባሕሩ እየሸሸ ሳለ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መውጣት፣ መመለስ ሲጀምርም አብሮ መመለስ ነው። ከቻርመዝ ወደ ላይም ሪጂስ ባለው መንገድ ላይ የናዳው ጭቃ በየቦታው እስከ ባሕሩ ድረስ ምላስ አውጥቶ ስለሚተኛ፣ የተመለሰ ባሕር ሰውን ከኋላው ይዘጋበታል። በጭቃው ላይ አቋርጦ ማምለጥም አይቻልም። ላዩ ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን እስከ ጭን ያሰምጣል፤ ሰው በተጣበቀበት ቦታ ባሕሩ ይደርስበታል። የገደሉ ግርጌም ደህና መቀመጫ አይደለም። በዚሁ ጠረፍ፣ በርተን ብራድስቶክ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወደቀ ዐለት የአንዲት ወጣት ሕይወት አጥፍቷል። ደግነቱ ለለቀማም ቢሆን ገደሉ ሥር መቆም አያስፈልግም፤ ባሕሩ የሚያጣራው ከታች በዳርቻው ላይ ነው።

ፓይራይት ሲፈለግ መሮጥ አያዋጣም። ፓይራይት ከተራ ጠጠር በክብደት እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ ማዕበሉ ለይቶ አንድ ቦታ ያከማቸዋል። አሸዋና ጠጠር በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ በትልልቅ ድንጋዮች ጥላ በኩል፣ የዛገ ብረትና የነሐስ ቀለም ያለው ጠጠር የተከማቸበት ሥፍራ ሲገኝ ቁጢጥ ብሎ አንዲት ካሬ ሜትር ቦታ አሥር ደቂቃ ማየት፣ መቶ ሜትር እየተራመዱ ከማየት ይበልጣል። አብዛኛው ቅርጽ የሌለው የፓይራይት ጉብጉብ ነው። በመካከሉ ዓይን መፈለግ ያለበት ቀለም አይደለም፤ እኩል እኩል የተሰለፉ ጎድኖችን ነው። ተፈጥሮ ጠጠርን በእኩል ርቀት አትሸነሽንም፣ አሞናይትን ግን ትሸነሽናለች። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስታበራ ጎድኖቹ ጥላ ስለሚጥሉ ማለዳና ወደ ማታ ፍለጋው ይቀላል። መዶሻ አያስፈልግም፤ ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃና ጥጥ ይበቃል። ፓይራይት እርስ በርሱ ከተጋጨ ጫፉ ይሸረፋልና በኪስ መክተት አይገባም።

ለድብልብል ድንጋይ ግን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የድንጋይ መዶሻ፣ መሮና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። የግንበኛ ወይም የአናጺ መዶሻ አይሆንም፤ ብረቱ ለዚህ ስላልተሠራ ይሰነጠቅና ስንጥሩ ዓይን ውስጥ ይገባል። በገደሉ ላይ መዶሻ ማሳረፍ ክልክል ነው። ከላይም ሪጂስ በስተ ምዕራብ በሞንማውዝ ዳርቻ የሚገኘው፣ ትልልቅ አሞናይቶች ተነጥፈው የሚታዩበት የኖራ ድንጋይ ወለልም ለዓይን ብቻ ነው።

ድንጋዩ ተገልብጦ ጠርዙ በውኃ ይታጠብ። በጠርዙ ላይ ነጭ ወይም ቡናማ የካልሳይት መስመር፣ በተለይም እንደ ሰንሰለት ትንሽ ትንሽ ክብ እየሆነ የተደረደረ ምልክት፣ ከታየ አሞናይቱ በጎን ተቆርጦ እየታየ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ የሥራው ትልቁ ፈተና ነው፤ አለመምታት። ምልክት ያሳየ ድንጋይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሳይከፈት ወደ ቤት ይሄዳል። የሚሰበረው ምልክት የሌለው ድንጋይ ነው። እሱም መሃሉ ላይ አይመታም፤ በጠፍጣፋ ወገኑ ተደግፎ፣ ጠርዙ ዙሪያውን እየዞሩ ይመታል። መጀመሪያ ድምፁ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ስንጥቁ ሲጀምር ድምፁ ይደነቁራል፤ ያኔ የምቱን ኃይል መቀነስ ነው። ሲከፈት አሞናይቱ በአንደኛው ወገን፣ አሻራው በሌላኛው ይቀራል። አንዳንዴ ዛጎሉ ተከፍሎ ግማሹ በአሻራው ላይ ይጣበቃል። አሻራውን የጣለ ሰው ግማሹን ዛጎል ጥሏል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገንና የወደቀው ቅንጣት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይገባል።

ቤት ከደረሰ በኋላ

በድንጋይ ውስጥ ያለው አሞናይት በጊዜ አይጣደፍም። በጨው አልባ ውኃ ተዘፍዝፎ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የተሰበረው በሳይኖአክሪሌት ሙጫ ይገጠማል። ቀሪው ድንጋይ በታመቀ አየር በሚሠራ፣ እንደ ብዕር በሚያዝ መሮ ይነሣል። መሮው ዛጎሉን በቀጥታ ሊነካ አይገባም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ድንጋይ ይቀራል። የመጨረሻው ስስ ሽፋን የሚወገደው ደቃቅ ዱቄት በአየር ግፊት በመርጨት ሲሆን፣ ለዚህ ጠረፍ ጠንካራ ድንጋይ ብዙዎች የብረት ዱቄት ይመርጣሉ። ዱቄቱ በስፌቶቹ መካከል ከቀረ ግን ከወራት በኋላ ዝገቱ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣልና በብሩሽና በንጹሕ አየር ደጋግሞ ማጽዳት ይገባል። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው፤ የተዘጋ ሳጥንና ጭንብል የግድ ናቸው። በኮምጣጤም ሆነ በሌላ አሲድ ድንጋዩን ማሟሟት ጀማሪዎችን ደጋግሞ ያሳስታል። እዚህ ድንጋዩም ዛጎሉም አንድ ዓይነት ኖራ ስለሆኑ አሲዱ አይመርጥም፤ ሁለቱንም ይበላል።

ፓይራይቱ ግን ከባሕር ከወጣበት ቀን ጀምሮ እየሞተ ነው። ፓይራይት የብረትና የድኝ ውህድ ነው። ኦክስጅንና እርጥበት ሲያገኝ ወደ ብረት ሰልፌትና ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። አዲሱ ሰልፌት ከፓይራይቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ አሞናይቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ አሲዱ ደግሞ መለያ ወረቀቱንና ሣጥኑን ያቃጥላል። አንጸባራቂና ጥቅጥቅ ያለው ፓይራይት ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከደቃቅ ቅንጣቶች የተሠራው ደብዛዛ ግራጫ ዓይነት ግን ለአየር የሚያጋልጠው ገጽ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በፍጥነት ይፈርሳል። ምልክቶቹን ማወቅ ቀላል ነው፤ ሣጥኑ ሲከፈት የድኝ ሽታ፣ በስንጥቆቹ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ነጭ ወይም ቢጫማ ዱቄት፣ ጠርዙ የጠቆረ ወረቀት።

የመጀመሪያው ሥራ ጨውን ማውጣት ነው፤ ጨው እርጥበት ይስባልና። አሞናይቶቹ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋሉ፣ ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፣ ይህም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ይፈተጋሉ። በውስጣቸው የቀረውን ውኃ ለማውጣት ለጥቂት ሰዓት በአሴቶን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በመስታወት ዕቃ። ከአሴቶኑ ሲወጡ በሞቃት ደረቅ ቦታ አንድ ቀን ያድራሉ። በመጨረሻ ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለው ሙጫ በአሴቶን ውስጥ 5 በመቶ ያህል ሆኖ ተሟሙቶ ስስ ሽፋን ይቀባሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ሥራው አለቀ ብሎ ያስባል። ፓራሎይድም ሆነ የትኛውም ቫርኒሽ የአየር እርጥበትን ጨርሶ አይከለክልም። የሚሰነጠቀውን አያይዞ ያቆያል እንጂ ዝገቱን አያስቆምም። እንዲያውም ወፍራም ቫርኒሽ ከሥሩ የተጀመረውን ዝገት ሸፍኖ ስለሚያቆየው፣ ሲታይ ጊዜው አልፏል። የሚያድነው ድርቀት ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሲሆን ዝገቱ ይፋጠናል፤ ከ45 በመቶ በታች ከተያዘ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ እያንዳንዱ የፓይራይት አሞናይት አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢትና ቀለሙን ከሚለውጥ የእርጥበት ወረቀት ጋር ይቀመጣል። ወረቀቱ ቀለሙን ሲለውጥ ጄሉ በምድጃ ደርቆ ይመለሳል። ጥጥና ካርቶን እርጥበት ይይዛሉና ለጉዞ እንጂ ለዘለቄታ አይሆኑም። ዝገቱ ቀድሞ ከጀመረ ዱቄቱ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በውኃ ማጠብ ግን ያባብሰዋል፤ አሲዱን ማርከስ የሚቻለው በአሞኒያ ትነት ወይም በኤታኖላሚን ታዮግላይኮሌት ነው፤ ሁለቱም መርዛማ ስለሆኑ ለሙዚየም ባለሙያ መተው ይሻላል።

መለቀም የሌለበትና መነገር ያለበት

በቻርመዝ ለቀማና ሳይንስ ለረጅም ጊዜ ተደጋግፈው ኖረዋል። በላይም ሪጂስ ተወልዳ የኖረችው ሜሪ አኒንግ (1799–1847) መተዳደሪያዋ ከዚሁ ጠረፍ የለቀመቻቸውን አሞናይቶችና የባሕር እንስሳት አጽም መሸጥ ነበር፤ የዘመኑ የሥነ ምድር ሊቃውንት የተመራመሩበት ብዙ ነገር በእጇ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1858 ደግሞ ስኬሊዶሳውረስ የተባለው ዳይኖሰር በቻርመዝ ገደል ተገኘ። ያም ሆኖ በሙያተኛ ለቃሚዎች፣ በባለርስቶችና በሳይንቲስቶች መካከል ክርክሩ አልበረደም ነበር፤ ብርቅ ግኝቶች ሳይመዘገቡ ይሸጣሉ የሚል ስጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጣው የምዕራብ ዶርሴት የቅሪተ አካል ለቀማ መመሪያ ይህን ለመፍታት የተዘጋጀ ነው።

መመሪያው ማንንም አይከለክልም፤ ግዴታውን ያከፋፍላል። በዳርቻው ላይ የወደቀ ነገር ይለቀማል። በገደሉ ውስጥ በቦታው ያለ ነገር ያለ ባለርስቱ ፈቃድ አይቆፈርም። ለሳይንስ ቁልፍ ጠቀሜታ ያለው ግኝት፣ ለምሳሌ አዲስ ሊሆን የሚችል ዝርያ ወይም ለየት ያለ አጠባበቅ ያለው ናሙና፣ አንደኛ ምድብ ተብሎ በቻርመዝ የቅርስ ማዕከል ይመዘገባል። ለቃሚው ሊሸጠው ከፈለገ በመጀመሪያ ለብሪታንያ ሙዚየሞች ለስድስት ወር ያቀርበዋል። አብዛኛው አሞናይት ከዚህ ምድብ ውጪ ስለሆነ ለቃሚው ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተው ማዕከል ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ግኝቱን አይተው ስሙን ይናገራሉ፤ የተለመደ ቢመስልም ማሳየት ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም አንደኛ ምድብ መሆኑን ለቃሚው ራሱ ሁልጊዜ አያውቅም። ደካማ ጎኑን ብንናገር፣ መመሪያው የቆመው በለቃሚው ሐቀኝነት ላይ ነው። ያላስመዘገበን ሰው በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል የሚከታተል የለም። ሆኖም ጥብቅ ክልከላ የሚያተርፈው ለማዕበሉ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ለማግኘት ይቸገራል።

የአሞናይት ሳይንሳዊ ዋጋ የሚወሰነው በንብርብሩ ነው። ዝርያዎቹ በፍጥነት ይለዋወጡ ስለነበር፣ የሥነ ምድር ተመራማሪው ዊሊያም ዲክሰን ላንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቁጥር የሰጣቸውን የቻርመዝ ንብርብሮች እርስ በርስ ለመለየት የሚያገለግሉት በዋናነት አሞናይቶች ናቸው። በአሸዋ ላይ የተገኘ ናሙና ንብርብሩን በእርግጠኝነት አይናገርም፤ ግን በየትኛው ገደል ሥር እንደተገኘ ከተጻፈና ከድንጋዩ ቁራሽ አብሮ ከተቀመጠ ባለሙያ ሊያጠብበው ይችላል። ለዚህም የተገኘው ሁሉ ሳይጸዳ በፊት ፎቶ ይነሣል።

ቁጥሩ በራሱ በአሞናይቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ወረቀትና ናሙና ይለያያሉ፣ ሣጥን ይገለበጣል። ጎድን በሌለበት ወይም በድንጋዩ ጀርባ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ቦታ ፓራሎይድ ይቀባል፣ ሲደርቅ በማይደበዝዝ ጥቁር ቀለም በስስ ብዕር ቁጥሩ ይጻፋል፣ ከላይ ሌላ የፓራሎይድ ሽፋን ይደረባል። በመዝገቡ ላይ ከቁጥሩ ትይዩ ቀኑ፣ የጂፒኤስ ነጥቡ፣ “ልቅ በአሸዋ ላይ” ወይም “በናዳው ጭቃ ውስጥ” የሚለው፣ የለቃሚው ስም፣ የተጠቀመበት ሙጫና ኬሚካል ይሰፍራል። ሙጫውን መጻፍ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ናሙናውን መጠገን የሚፈልግ ሰው ሳይኖአክሪሌቱንና ፓራሎይዱን በምን እንደሚፈታ የሚያውቀው ከዚያች መስመር ብቻ ነው።